ጥፋቱ የሆመር ሲምፕሰን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2006 አሜሪካ ውስጥ 1 ሺህ ሰዎች የተጠየቁበት አንድ ጥናት ወጣ። «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለውን አስቂኝ ካርቱን አምስት የቤተሰብ አባላት በሙሉ በስም የጠሩት 22 በመቶ ያህሉ ናቸው። የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚጠብቃቸውን አምስት ነጻነቶች፣ ማለትም የሃይማኖት፣ የንግግር፣ የፕሬስ፣ የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብን፣ አሟልቶ የጠራው ግን ከሺህ አንድ ሰው ብቻ ነበር። «ትውልዱን ካርቱን በላው» የሚሉ ሰዎች ይህን ቁጥር እንደ ማስረጃ ይዘውታል።

ክሱ ውሃ አያነሳም። ነጻነቶቹን ማስተማር የትምህርት ቤት ሥራ ነው፤ ትምህርት ቤት ላልሠራው ሥራ ካርቱን አይከሰስም። ደግሞስ መብትን መቁጠርና መብትን ማወቅ መች አንድ ሆኑ? ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና የሚቀመጥ ሐበሻም እነዚህን ነጻነቶች ሸምድዶ ይገባል፤ ያልፋልም። የአንዱ መብት ሌላውን ሲያናድድ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ግን በሽምደዳ አይመለስም። ካርቱኑ ደጋግሞ ያነሳው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

በ1990 በወጣ አንድ ክፍል እናትየዋ ማርጅ ልጆች የሚያዩት ካርቱን ድብድብ በዛበት ብላ ተቃውሞ አስነሳች፤ አሸነፈችም። ብዙም ሳይቆይ የሰፈር ሴቶች የማይክል አንጄሎ የዳዊት ሐውልት ራቁቱን ነውና እንቃወመው ብለው መጡባት። እሷ ደግሞ ሐውልቱን ትወደዋለች። የምትጠላውን አሳግዳ ለምትወደው ነጻነት መጠየቅ እንደማትችል ያመነችው በቴሌቪዥን ፊት ነው።

ሌላው ምሳሌ ከፖለቲካው ጋር በቀጥታ የተላተመ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1989 ባንዲራ ማቃጠል ሐሳብን የመግለጽ መብት ውስጥ ይገባል ብሎ ወሰነ። በ1995 የተወካዮች ምክር ቤት ይህን ለመሻር የቀረበውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ 312 ለ120 አሳለፈ፤ በሴኔቱ በሦስት ድምፅ ጎድሎ ወደቀ። በመጋቢት 1996 «ዘ ሲምፕሰንስ» ያንኑ ማሻሻያ እግርና እጅ አውጥቶ፣ በምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ለአንድ ሕፃን ሲዘፍን አሳየ። ተራ ሕግ ሆኖ ቢወጣ ሕገ መንግሥቱን ስለሚጥስ ሕገ መንግሥቱን ራሱን መቀየር እንደሚሻል ለልጁ ያስረዳዋል። እሱ ሲገባ በሩ ተከፈተ፤ ሌሎች መሣሪያ የታጠቁ ማሻሻያዎችም ተከትለውት ጎረፉ።

አንድ ቀዳዳ ሲከፈት ሌላው እንደሚከተል ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል? «ካርቱን ሰነዱን አዋረደው» የሚሉ ይህን ይመልሱ፦ ከ1791 ጀምሮ በቆመው የመብቶች ሰነድ ላይ ቀዳዳ ሊያበጁ እጃቸውን ያወጡት ቀልደኞቹ ናቸው ወይስ ሰነዱን ሊጠብቁ የማሉት 312 እንደራሴዎች?

ዝርዝሩን የማያውቅ ሕዝብ ነገ ሊማረው ይችላል። በሹሞቹ መሳቅ የሚፈራ ሕዝብ ግን ዝርዝሩን በቃሉ ቢወጣውም ምን ሊያደርግለት?