ብስክሌት ስንመርጥ ፍሬሙን እንይ



ሰሞኑን በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ሲደውሉ «የሚታጠፍ ብስክሌት እንላክላችሁ፤ ፍሬሙ የቲታኒየም ይሁን ወይስ የብረት?» ይላሉ። አንዳንዶቻችሁም ማኅበሩ ምን ይላል ብላችሁናል። ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጉዳይ ስለሆነ ሐሳባችንን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስፈሩን ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

እንደሚታወቀው የኛ አገር እንደ ባሕር ዳር ወይም እንደ ሐዋሳ ሜዳ አይደለም። ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መንገዱ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዶርዜ በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የሚታጠፍ ብስክሌት ሲመለሱ አጥፎ መኪና ላይ ለመጫን ይመቻል። ነገር ግን በዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬም ቢሰበር ምን እንደሚከተል መናገር አያስፈልግም።

ቲታኒየም ጥሩ ነገር መሆኑን አንክድም። ዝናብና ጉም አያዝገውም፤ ለጨንቻ አየር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክብደቱም ያንሳል። አንድ ሊትር የሚያህል ብረት 7.8 ኪሎ ሲመዝን ያንኑ የሚያህል ቲታኒየም 4.5 ኪሎ፣ አሉሚኒየም ደግሞ 2.7 ኪሎ ይመዝናል። የሎንዶኑ ብሮምፕተን ፋብሪካ በ2014 ዓ.ም. ያወጣው የቲታኒየም ታጣፊ ብስክሌት ቀላሉ ዓይነት 7.45 ኪሎ ብቻ ነው። የተለመደው የብረቱ ግን 11 ኪሎ ያህል ይሆናል። ታዲያ የቲታኒየሙ ዋጋ ሲወጣ ከ3,500 ፓውንድ በላይ ነበር።

ዋጋው ይቅር ብንል እንኳ ጥገናው አለ። ቲታኒየም በጣም ሲግል ከአየር ኦክሲጅንና ናይትሮጅን ይስባል፤ ያን ጊዜ ይደርቅና በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሲበየድ ከውጭም ከውስጥም አርጎን በሚባል ጋዝ መሸፈን አለበት። በኤሌክትሮድ የሚሠራ በያጅ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህን ሊያደርገው አይችልም። አሉሚኒየምም አይዝግም፣ ዋጋውም ረከስ ይላል፤ ግን መንቀጥቀጥ ሲበዛበት እየደከመ ሄዶ ይሰነጠቃል፣ ብየዳውም ያስቸግራል። የብረቱን ፍሬም ግን፣ ቱቦው ስስ ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ፣ ደህና በያጅ ይጠግነዋል።

የዶርዜን የቀርከሃ ቤት እናስታውስ። መሬት የነካውን ምስጥ ይበላዋል፤ ቤቱም ከሥር እየተቆረጠ ዓመት በዓመት ያጥራል። አናቱ ደህና ነው፣ የሚያልቀው ከሥሩ ነው። ታጣፊ ብስክሌትም ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ማጠፊያው ላይና ብየዳው ላይ ነው። ማጠፊያው ከላላ ቲታኒየም መሆኑ ብቻውን አያድንም።

ስለሆነም የኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ ለጨንቻ መንገድ ደህና ብየዳና ጠንካራ ማጠፊያ ያለው የብረት ፍሬም ይምጣ። የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ ፍሬን፣ ለጎማና ለራስ መከላከያ ቆብ ይዋል። የቲታኒየም ስጦታ የመጣለት ሰው ደስ ይበለው፤ ግን ቢሰነጠቅ እዚህ አስበይደዋለሁ ብሎ እንዳይተማመን።

ቲታኒየም ነው ተብሎ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ ማግኔት አስጠጉት። ማግኔቱ ከያዘው ቲታኒየም አይደለም። ካልያዘው ደግሞ አሉሚኒየምም ሊሆን ስለሚችል ቸኩላችሁ አትክፈሉ፤ የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። የብረት ፍሬም የያዛችሁ ማታ ደጅ አታሳድሩት፤ ቀለሙ የተላጠበትን ቶሎ ቀቡት። ከመውረዳችሁ በፊት የማጠፊያውን ብሎን አጥብቁ፣ በብየዳው ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካለ ፈልጉ። ስንጥቅ ያለበትን፣ ተበይዶ የተጠገነውንም ቢሆን፣ በቁልቁለቱ ላይ አትመኑት።

ወጣቶቻችንም ይህን ያዙልን፦ ቁልቁለቱ ሲበረታ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም። ብስክሌት ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ ልጅ ግን አይገዛም።