ባለሜዳው በሰው ሜዳ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ኳስ እየተከታተሉ ያረጁ ደጋፊዎች ሁለት ድሎችን ያነጻጽራሉ። ጥር 1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድኑ ግብፅን 4ለ2 ረትቶ የአፍሪካ ዋንጫን ሲያነሳ ጨዋታው አዲስ አበባ ላይ ነበር። ከ60 ዓመት በኋላ፣ ሰኔ 2014 ዓ.ም.፣ ያችኑ ግብፅ 2ለ0 ሲረታ ግን «ባለሜዳ» የተባለው ማላዊ ውስጥ ነው! ካፍ የአገር ቤት ስታዲየሞች መስፈርት አያሟሉም ብሎ አግዷላ።

መጋቢት 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካር 4ለ0 የተሸኘችው ባሕር ዳር ላይ ነበር። ባሕር ዳርማ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ በአውቶብስ ይደረሳል። ለሊሎንግዌ የአውሮፕላን ትኬት ግን የጎጃም ገበሬ ከየት ያመጣል? ስለ ስታዲየም ሲወራ መቀመጫና መብራቱ ይቆጠራል፤ ዕድሜ ልኩን የደገፈው ሰው ግን ይረሳል።