የጠፋው አንድ ሰከንድ

አሮጌ መኪና ያለው ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰው አይጠፋም። አንዱ "ይሸጥና እንገላገል" ይላል፤ ሌላው "ትንሽ ነገር ናት፣ ትሠራለች" ይላል። ክርክሩ መኪናው ቪትዝ ሲሆን እንኳ እራት ያቀዘቅዛል። ሜሪላንድ በሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ቤት ደግሞ መኪናው በ1987 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ጥቁር ቢዩክ ግራንድ ናሽናል ነው፤ ሥራውም ልጅ ማመላለስ ሳይሆን ቅዳሜ ቅዳሜ በቀጥታ መስመር መሮጥ ነው። ባለቤቱ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ አንድ ውል አስገብታዋለች፦ የዚህ መኪና ሞተር አንድ ጊዜ ከወረደ መኪናው ይሸጣል፣ ገንዘቡም ለትልቁ ልጅ ኮሌጅ ይቀመጣል። ወንድሜ ፈርሟል። ባለፈው የውድድር ወቅት አጋማሽ ላይ ሞተሩ ሊወርድ ምንም አልቀረውም ነበር።

መጀመሪያ ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። ሙያዬ ማርኬቲንግ ነውና ይህን ታሪክ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ቢዩክ በዚያን ጊዜ የጡረተኞች መኪና ይባል ነበር። እንዲህ ዓይነት ስም ያለው ድርጅት በ1980ዎቹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የተቀባ፣ 3.8 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር የተገጠመለት መኪና ለገበያ አቀረበ። በ1987 የወጣው ሞዴል በወረቀት ላይ 245 የፈረስ ጉልበት ነበረው። በዚያው ዓመት 547 ብቻ የተሠራው ጂ.ኤን.ኤክስ የተባለው ወንድሙ ደግሞ 276 ተብሎ ተመዘገበ። በስምንት ሲሊንደር በሚመካ አገር ስድስት ሲሊንደር ይዞ ብዙዎችን መቅደም ምን ያህል እንዳስወራ መገመት አያዳግትም። ዛሬም የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ድራግ ሬሲንግ ራሱ ቀላል ነገር ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ "የገና ዛፍ" የሚባለው የመብራት ምሰሶ አረንጓዴ ሲያበራ ሩብ ማይል፣ ማለትም 402 ሜትር ይሮጣሉ፤ አለቀ። የአሜሪካው ናሽናል ሆት ሮድ አሶሲዬሽን በ1951 በዋሊ ፓርክስ ሲመሠረት አንዱ ዓላማው ወጣቶቹን ከመንገድ ላይ እሽቅድምድም አውጥቶ ሕግ ወዳለው ሜዳ ማስገባት ነበር። ወንድሜ የሚሄድበት ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ ከዋሽንግተን በስተደቡብ በደስ ክሪክ የሚባል ቦታ ይገኛል። ተራ ሰው በራሱ መኪና ክፍያ ከፍሎ፣ ፍተሻ አልፎ ይሮጣል። ልጆች ከአጥሩ ጀርባ ሆነው ይጮኻሉ። ከ14 ሰከንድ በታች የሚገባ ሹፌር ሄልሜት ግድ ነው፤ ከ11.5 በታች የሚገባ ተራ አሮጌ መኪና ደግሞ ጣሪያው ቢገለበጥ እንዳይጨፈለቅ የብረት መከላከያ ያስፈልገዋል።

የወንድሜ መኪና ጤነኛ ሲሆን 12.8 ሰከንድ ይገባ ነበር። ከዚያ በአንድ ቅዳሜ 13.8 ሆነ። አንድ ሰከንድ ለእኛ ምንም ላይመስለን ይችላል፤ በዚህ ስፖርት ግን በዚያ ልዩነት ቀዳሚው መኪና ከ40 ሜትር በላይ ርቆ ሄዷል። የመጀመሪያው ጋራዥ መኪናውን አንድ ዙር ነድቶ "ቱርቦው ሞቷል፣ ቴስታታውም ተከፍቶ መታየት አለበት" አለ። የተጠየቀው ገንዘብ ከ6,000 ዶላር ይበልጣል። ከገንዘቡ ይልቅ የከበደው ግን "ተከፍቶ" የምትለው ቃል ናት። ውሉን አስታውሱ።

መፍትሔው የጀመረው ከወረቀት ነው፤ እኔንም የማረከኝ ይህ ነው። ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ሜዳው ለሹፌሩ ትንሽ ወረቀት ይሰጠዋል። የመጨረሻውን ሰዓት ብቻ ሳይሆን በየምዕራፉ የተለካውን ሁሉ ያሳያል። የ15 ዓመቱ ልጁ ጥሩውንና መጥፎውን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠ። የመጀመሪያዎቹ 18 ሜትሮች በሁለቱም 1.8 ሰከንድ ናቸው፤ ስለዚህ ጎማው አልተንሸራተተም፣ ማርሹም አላንሸራተተም። እስከ ግማሽ መንገድ 8.2 የነበረው 8.5 ሆኗል። የቀረው ሁሉ የጠፋው በሁለተኛው ግማሽ ነው፤ መጨረሻ ላይ የነበረው ፍጥነትም በሰዓት ከ169 ወደ 145 ኪሎ ሜትር ወርዷል። ቱርቦው ቢሞት ኖሮ መኪናው ከመነሻው ይሰንፍ ነበር። ይህኛው ግን የሚደክመው ቱርቦው አየሩን በሙሉ ኃይሉ መግፋት ከጀመረና ጥቂት ሰከንዶች ከቆየ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ "ኖክ" ማወቅ ያስፈልጋል። ቱርቦ በጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ብዙ አየር ከገባ ብዙ ቤንዚን አብሮ መግባት አለበት። ቤንዚኑ ካነሰ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ሙቀት ይንርና ድብልቁ በሰዓቱ መቃጠሉ ቀርቶ ይፈነዳል፤ በመዶሻ የመመታት ያህል ነው። ይህ ሲደጋገም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይበሳል፣ ፒስተንም ይሰበራል። ግራንድ ናሽናል ይህን ድምፅ የሚያዳምጥ ሴንሰር አለው፤ ኮምፒውተሩ ማንኳኳቱን ሲሰማ ካንዴላው የሚተኩስበትን ሰዓት ያዘገያል። ሞተሩ ይተርፋል፣ ጉልበቱ ግን ይወርዳል። ወንድሜ በአንዲት ትንሽ ማንበቢያ መሣሪያ ሲያየው ኮምፒውተሩ በሁለተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ያለማቋረጥ ሰዓቱን እያዘገየ ነበር። መኪናው የሰነፈው ራሱን ለማዳን ነው ማለት ነው።

ከዚያ አባትና ልጅ ርካሹን ምርመራ አስቀድመው ጀመሩ። ካንዴላዎቹን አውጥተው ክፍተታቸውን ለኩ፤ በከፍተኛ ግፊት ውስጥ ሰፊ ክፍተት ፍንጣሪውን ስለሚያጠፋው ነው። ደህና ነበሩ። ሦስቱን ቦቢናዎች የያዘውን ጥቅል ከጓደኛ በተዋሱት ቀይረው ሞከሩ፤ ለውጥ የለም። የአየር ማስገቢያውን አፍ ደፍነው በኮምፕሬሰር አየር ሞልተው በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውኃ ቀቡ። አንድ ቱቦ አረፋ አወጣ፤ ማሰሪያውን አጠበቁት፤ መኪናው ጥቂት ተሻለው እንጂ አልዳነም። (የሳሙናው ሥራ የትንሿ ልጅ ነበር፤ ግማሹ ጋራዡ ወለል ላይ ቀርቷል።)

አራተኛው ምርመራ የነዳጅ ግፊት ነበር። በዚህ መኪና ቱርቦው በጨመረው በእያንዳንዱ 1 ፒ.ኤስ.አይ የአየር ግፊት ልክ የቤንዚኑም ግፊት በ1 ፒ.ኤስ.አይ መጨመር አለበት። የግፊት መለኪያውን ከውጭ በኩል ከፊት መስታወቱ ጋር በፕላስተር አጣብቀው፣ ሜዳው ላይ አባት እየነዳ መርፌውን በስልክ ቀረጹት። መርፌው እንደሚገባው ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ቆመ፤ አየሩ መጨመሩን ሲቀጥል እሱ መውረድ ጀመረ። ስለዚህ ሞተሩ ቤንዚን እየተራበ ነበር።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዲስ ፓምፕ ገዝቶ ይገጥማል። እኔም ብሆን የማደርገው እሱን ይመስለኛል። እነሱ ግን ፓምፑ ጋ የሚደርሰውን ኤሌክትሪክ ለኩ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.6 ቮልት አለ፤ ከኋላ ታንኩ ጋ ፓምፑ ሲሠራ የሚደርሰው 10.9 ብቻ ነው። የቀረው ከፊት እስከ ኋላ በሚሄደው ቀጭን አሮጌ ሽቦና ከቦዲው ጋር በሚታሰረው የዛገ ኔጌቲቭ ላይ ይቀልጣል። ፓምፕ ሞተር ነው፤ ቮልቴጅ ሲጎድለው በዝግታ ይዞራል። ከተማ ውስጥ ሲነዳ አያስታውቅም፤ ሞተሩ ከፍተኛውን ነዳጅ ሲጠይቅ ይጋለጣል።

የጥገናው ዘዴ በእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ከዲናሞው ወፍራም ሽቦ ፊውዝ ተደርጎለት ወደ ኋላ ይዘረጋል፣ ታንኩ አጠገብ ሪሌይ ይገጠማል፣ የድሮው ቀጭን ሽቦ ሪሌዩን ለመቀስቀስ ብቻ ያገለግላል። የኔጌቲቩ ማሰሪያ ዝገቱ ተፍቆ በአዲስ ተቀየረ። ጠቅላላ ወጪው ለቤተሰቡ አንድ የእሁድ ምሳ ግብዣ አይሞላም። በቀጣዩ ቅዳሜ ፓምፑ 13.2 ቮልት አገኘ፣ መርፌው እስከ መጨረሻው ወጣ፣ ኮምፒውተሩም ምንም ማንኳኳት አልሰማም። ወረቀቱ ላይ 12.7 ተጻፈ። ቱርቦው ያው የድሮው ነው።

እኛ አዲስ አበባ ላይ ድራግ ባንሮጥም ቱርቦ የሌለው ሰፈር የለም፤ ከሃይሉክሱም፣ ከላንድክሩዘሩም፣ ከሚኒባሱም ባለ ቱርቦ ናፍጣ የሆነ ብዙ አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እንጦጦን ሲወጣ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ባለ ቱርቦ ናፍጣ መኪናችሁ ድንገት ሰንፎ ጥቁር ጭስ ካወጣ አየር አንሶታል ማለት ነው፤ ቱርቦ ከማስቀየራችሁ በፊት የአየር ፊልትሮውንና ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን የጎማ ቱቦዎች አስፈትሹ። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ያኔ ቱርቦውን መጠርጠር ያስኬዳል። ከረጅም ዳገት በኋላም ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ የጋለው ቱርቦ ዘይት እየዞረለት አንድ ሁለት ደቂቃ ይቀዝቅዝ።

ሜሪላንድ ግን ነገሩ በሞተሩ አላለቀም። የወንድሜ ባለቤት 12.7ቷን አይታ "ጥሩ፤ ሲቆምስ?" አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው። አብዛኞቹ መኪኖች የፍሬን መርገጫውን የሚያግዙት ሞተሩ በሚፈጥረው የአየር ስበት ነው። ግራንድ ናሽናል ግን ፓወርማስተር በሚባል በኤሌክትሪክ ፓምፕ በሚሠራ አጋዥ ነው የሚቆመው። ይህ ዕቃ ሲያረጅ ግፊት መያዝ ያቅተዋል፤ ያኔ መርገጫው እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ብዙ ባለቤቶች አውጥተው በተለመደው ዓይነት ይተኩታል። ወንድሜ "የእኔው ደህና ነው" ብሎ ሊከራከር ሞክሮ ነበር። ልጁ አባቱን ሳያማክር ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቁልፉን አዙሮ፣ ፓምፑ በየስንት ሰከንዱ እንደሚነሳ በስልኩ ቆጠረ፤ ማንም ፍሬን ሳይረግጥ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፤ ግፊቱን መያዝ አቅቶታል ማለት ነው። ቁጥሩን ለእናቱ አሳያት።

አሁን ውሉ ላይ ሁለተኛ አንቀጽ ተጨምሯል፤ አዲሱ የፍሬን ዕቃ እስኪገጠም መኪናው ከጋራዥ አይወጣም። ዕቃው ታዝዟል። ልጁም በሚቀጥለው ዓመት መንጃ ፈቃድ የሚያወጣበት ዕድሜ ይደርሳል፤ የሚማረው ግን በእናቱ ኮሮላ ነው።