ሽንቱን ገለባ ይጠጣው

የመካነ ሰላምና የአካባቢዋ አርሶ አደሮች፣ ውቂያው እንዴት ይዟችኋል?

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። ሩዋንዳ ውስጥ ሙዙ ከተቆረጠ በኋላ ከሚጣለው ግንድ ቃጫ እያወጡ ለሴቶች ሞዴስ ይሠሩበታል። «የእኛ ገለባስ እርጥበት ይመጣል፣ ለምን አይሆንም?» ይላል። ለሰው ገላ የሚሆን ነገር ማሽንና ንጽህና ይፈልጋል፤ ከአውድማ የተነሳ ገለባ ለዚያ እንዳትሞክሩት። መምጠጡ ግን እውነት ነው፤ ቦታው በረት ውስጥ ነው።

እኔ ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ «እበት አታቃጥሉ» እያልኩ አስተምሬያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልሠራም። ማገዶ በሌለበት ደጋ አንዲት እናት «ታዲያ ልጄ፣ እንጀራውን በምን ልጋግረው?» ሲሉኝ መልስ አጥቼ ተመልሻለሁ። ክርክሩን ትቼዋለሁ። አሁን የምለው ሌላ ነው፤ እበቱ ለኩበት ቢሄድም ሽንቱ አይነድም፣ እሱን ለማሳችሁ አስቀሩት።

ከብት ከሰውነቱ ከሚያስወጣው ናይትሮጅን ግማሽ ያህሉ የሚወጣው በሽንት ነው። ዩሪያ የምንገዛውም ለዚሁ ነው፤ ከአንድ ኩንታሉ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ጠዋት በረት ስትከፍቱ ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ እኮ እሱ ነው፣ እየተነነ። በብድር ዩሪያ እየገዛን ይሄንን በየሌሊቱ በበር ሥር እናፈሳለን።

ደረቅ የገብስ ወይም የስንዴ ገለባ የክብደቱን እጥፍና ከዚያ በላይ ውኃ ይይዛል። ካላመናችሁ አንድ ኪሎ በጆንያ አድርጋችሁ ውኃ ውስጥ አሳድሩት፣ ጠዋት አንጠፍጥፋችሁ መዝኑት።

«ለከብቱ ያልበቃውን አንተ ታስረግጠዋለህ?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። የጤፍ ጭድ አትንኩ፤ መኖም ነው፣ ጭቃ ማቡኪያም ነው። እኔ የምለው ከግርግም የተረፈውን፣ ከብቱ መርጦ የተወውን የባቄላ አገዳ ነው። ቆላ ወረድ ያላችሁ ደሞ ወፍራሙን የማሽላ አገዳ ከትክታችሁ አንጥፉ። የሻገተውን ግን በረት አታስገቡት፤ አቧራው ለሰውም ለከብትም ሳል ነው፣ በቀጥታ ወደ ክምሩ ይሂድ።

ማታ ማንጠፍ፣ ጠዋት የራሰውን አንስቶ ጥላ ሥር መከመርና መሸፈን ነው። የምትታለብ ላም ካለች መኝታዋ እርጥብ እንዳይሆን፤ የጡት በሽታ ያመጣል።

አንድ ልማድ ግን ይቅር። ወለሉ እንዲደርቅ ብለን አመድ እንነሰንሳለን። አመድ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ናይትሮጅኑን ቶሎ ያስተንነዋል፤ ወለሉ ደረቀ ብለን ስንደሰት ማዳበሪያው ሄዷል።

ክምሩ ጠቁሮ፣ ሙቀቱ በርዶ፣ ገለባው በእጅ ሲፈረፈር ነው ወደ ማሳ የሚወጣው። ሳይበሰብስ ከገባ ለመበስበስ ራሱ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል፣ ሰብሉም ቢጫ ይሆናል። ባለፈው «ኮምፖስትህ ገብሴን አከሰለው» ያላችሁኝ አባት፣ ነገሩ ይሄ ይመስለኛል።

ዩሪያን ሙሉ በሙሉ ይተካል አልልም። አንድ ጥንድ በሬ ያለው ሰው ለሁሉም ማሳው አይበቃውም፤ ለጓሮ ድንች ወይም ለአንድ እርከን ገብስ ግን ከአሁኑ ቢከምር ለክረምቱ ይደርሳል። ግማሹ ላይ ጨምሩ፣ ግማሹን ተዉት። ሁለቱን ጎን ለጎን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ።