ስፒከር ይዞ ወደ ወንጪ

ከድምፅ ማጉያ ጋር ያለኝ ጠብ ለዚህ ዓምድ ደንበኞች አዲስ አይደለም። ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ሎተሪ ሻጩም፣ የቅናሽ ጫማ ነጋዴውም፣ ሙዚቃ ቤቱም ሁሉም ጆሮዬ ላይ ድርሻ አለው። እሑድ ዕለት ቤተሰቤን ጭኜ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወሊሶ አድርጌ ወደ ወንጪ ስወጣ ጠቡን ኮልፌ ጥዬው የሄድኩ መስሎኝ ነበር።

እሳተ ገሞራው አፍ ውስጥ ጠበቀኝ።

ቁልቁል እየወረድን ነው። ገብሱ አረንጓዴ፣ አደዩ ከየድንበሩ ብቅ ብሏል። ከኋላችን የእግር ጉዞ ማኅበርተኞች መጡ፤ አንደኛው ጀርባው ላይ ሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭ ስፒከር አዝሏል። ወንጪ ደግሞ ተራራው ፈንድቶ ወደ ውስጡ የተደረመሰ ጎድጓዳ ነው። እዚያ የተለቀቀ ዘፈን መውጫ የለውም፤ ከገደል ገደል እየተላተመ ተመልሶ እኛው ላይ ይወርዳል። እንሰት የምትፍቅ ሴት ሥራዋን አቁማ አየችን። እኔንም ከእነሱ ደመረችኝ መሰለኝ፤ ከሁሉም ያናደደኝ ይኸው ነው።

«ወጣት ነው፣ ይዝናና» የሚሉኝ አሉ። ይዝናና! ጆሮ ውስጥ የሚሰካውስ ለማን ተሠራ?

ጥፋቱን መንገዱ ላይ ላላክክ ዳድቶኝ ነበር። ወንጪ በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተባለች፤ በገበታ ለሀገር መንገዱም ሎጁም ተሠራ፤ ስፒከሩም በዚያው መንገድ ገባ። ግን እማዬም የመጣችው በዚያው መንገድ ነው። በድሮው ጭቃና ኮረኮንች ቢሆን ኖሮ ጉልበቷ ወሊሶ ላይ «በቃኝ» ይል ነበር። ስለዚህ መንገዱን ተውኩት።

እማዬ የመጣችው ለሐይቁ አልነበረም፤ ደሴቱ ላይ ላለው ቂርቆስ ነው። ጧፏን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በጀልባ ተሻገረች። ልጆቹ «እሳተ ገሞራው ዛሬ ቢፈነዳስ?» ሲሏት «ቂርቆስ እያለ?» ብላ ዘጋችው። እኔ ከስር ፍል ውሃ እንዳለ፣ ምድሩ ገና እንዳልበረደ ላስረዳ ስሞክር የሰማኝ የለም።

ወደ ላይ መመለሱ ነው ፈተናው። ተራራ ሲወጡ ድካሙ ቀድሞ ያልቃል፤ እዚህ ግን ዳገቱ ለመጨረሻ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አየሩም ከ3,000 ሜትር በላይ ስስ ነው። ባለ ስፒከሩ ደከመውና ፈረስ ተከራየ። ፈረሱ ገና ዘፈኑ ጀርባው ላይ ሲጮህ በረገገ። ባለ ፈረሱ ልጅ ዞር ብሎ «አጥፋው» አለ፤ ባለ ስፒከሩም ወዲያው አጠፋው። እኔ በዚህ ዓምድ ስንት ዓመት የጮህኩበትን ፈረስ በአንድ ዝላይ ጨረሰው።

ጸጥ ሲል የእማዬ ድምፅ ተሰማ። ከፊት ባለው ፈረስ ላይ ሆና ልጓም ከያዘላት ጎረምሳ ጋር በኦሮምኛ ትጫወታለች፤ እየሳቀች፣ እጇን እያወናጨፈች። ልጆቼ አፋቸውን ከፈቱ። እማዬ ያደገችው ጊንጪ አካባቢ ነው፤ ይህንን ያውቃሉ። ስትናገር ግን ሰምተው አያውቁም። ኮልፌ ከገባች ጀምሮ ቋንቋውን ለገበያና ለስልክ ብቻ ነው የምታወጣው፤ ለእኛም አላስተማረችንም። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ማን ጠየቀኝ?» አለች። ስለ ጩኸት ይህን ያህል ስጽፍ፣ እቤታችን ዝም ስላለው ነገር አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ትንሿ ልጄ መኪና ውስጥ በኦሮምኛ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር ጀመረች፤ ቱሉ ቦሎ ስንደርስ አምስት ላይ ተደናቅፋ አያቷን እንደገና አስቆጠረቻት። የፈረሱን ሒሳብ ብትጠይቁኝ፣ እማዬ በኦሮምኛ ተከራክራ አስቀነሰች፤ ከዚያ የተቀነሰውን እጥፍ አድርጋ ለልጁ ጉርሻ ሰጠችው። ከፋዩ እኔ ነበርኩ።