ውይይትን አድሷት እንጂ አታኳኩሏት!

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡናችሁን ያዙና አንብቡ። እኔም የምጽፈው ዳውንታውን፣ ፍሪሞንት አካባቢ ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ ነው። በሥራ ቀን ሌሊት ተራ እስኪደርስ መጽሐፍ ይጻፋል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። ባለፈው ሳምንት የአንድ ጓደኛችንን ፒክአፕ ፎቶ ለጥፌ ነበር። የ1977 ሞዴል ቶዮታ ናት፣ በእኛ 1969 መሆኑ ነው። ልጁ እንደኛው ሾፌር ነው። ከኋላ ወንበርና ጣሪያ ገጥሞላት የድሮዋን የአዲስ አበባ ውይይት ታክሲ ሊያደርጋት ይፈልጋል። ሲያልቅም እዚሁ ዳውንታውን አምጥቶ ለልጆቻችን ሊያሳያት። ታዲያ ኮመንቱ ጦር ሜዳ ሆነ! ለሁሉም አንድ በአንድ መልስ መስጠት ስላልቻልኩ እዚህ ጠቅልዬ መጣሁ።

እዚህ ለተወለዱትና ለማያውቋት በመጀመሪያ፦ ውይይት ማለት ፒክአፕ ላይ ጣሪያና ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ተገጥሞላት የተሠራች ታክሲ ናት። ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ይቀመጣል፤ ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ዘመኑ ደግሞ ቀበሌውም መሥሪያ ቤቱም "የውይይት ክበብ" የሚልበት ዘመን ስለነበር ስሙ ላይዋ ላይ ተጣብቆ ቀረ። የአዲስ አበባ ሕዝብ ስም ሲያወጣ መቼም አይታማም።

አሁን ወደ ጠቡ እንሂድ። ኮመንታችሁ ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው ወገን "አሳምራት" ባይ ነው። ሃያ ኢንች ቸርኬ ይግባላት፣ ከሥር ሰማያዊ ኤልኢዲ መብራት ይብራላት፣ ትልቅ የብሉቱዝ ስፒከር ይገጠምላት፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም ትቀባ፣ ኮፈኗ ላይ አንበሳ ይሳልባት። ወንድሞቼ፣ ይሄ እኮ እድሳት አይደለም፤ ኩል ነው! ማደስ ማለት ወደ ነበረችበት መመለስ ነው። ያልነበረችውን ማድረግ ሌላ ስም አለው። ሰው በገንዘቡ የፈለገውን መኪና ይሥራ፣ እዚህ ከተማ እንደዚያ የሚሠሩ ጋራዦች በቴሌቪዥን ሳይቀር ታይተዋል። እኔ የምከራከረው "ውይይት ናት" ብሎ ለልጅ ስለሚያሳይ ሰው ነው። ለልጅህ "አያትህ በዚህች ነበር የምትሄደው" ብለህ የናይት ክለብ መብራት ካሳየኸው ዋሸኸው።

ምሳሌ ሩቅ አልሄድም፤ ከታክሲዬ ወርጄ ትንሽ ብራመድ አገኘዋለሁ። ፍሪሞንት ላይ የቆመውን ትልቁን የኒዮን ካውቦይ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቬጋስ ቪክ ይባላል። ከ1951 ጀምሮ ፓዮኒር ክለብ የሚባለው ቁማር ቤት ላይ ነው የቆመው። ድሮ እጁን እያወዛወዘ እንግዳ ይጠራ ነበር። ዛሬ እጁ አይንቀሳቀስም፣ ቁማር ቤቱም የማስታወሻ ዕቃ መሸጫ ሆኗል። በ1990ዎቹ መንገዱን ከላይ በጣሪያ ሲሸፍኑት ደግሞ ለጣሪያው ቦታ እንዲለቅ ባርኔጣውን ከርክመውታል። ልብ በሉ! ከተማዋን ያስተዋወቃት ሰውዬ፣ ከተማዋ ስታምር ባርኔጣው ተቆረጠ። "አሳምራት" ማለት መጨረሻው ይሄ ነው፤ ለአዲሱ ጌጥ ቦታ ሲባል የነበረው ይከረከማል።

ከዚያው ላስ ቬጋስ ቡልቫርድን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ስትወጡ ደግሞ ተቃራኒውን ታገኛላችሁ፤ ኒዮን ሙዚየምን። በ1996 የተቋቋመ ነው። አሮጌ የሆቴልና የቁማር ቤት ማስታወቂያዎችን ሰብስቦ ግቢ ውስጥ አቁሟቸዋል። አንዳንዶቹን አድሶ አብርቷቸዋል፤ ብዙዎቹን ግን ቀለማቸው እንደተላጠ፣ አምፖላቸው እንደረገፈ ትቷቸዋል። የሙዚየሙ መግቢያ ራሱ ላ ኮንቻ የሚባል የድሮ ሞቴል እንግዳ መቀበያ ነው። ንድፉ የታዋቂው ጥቁር አሜሪካዊ አርክቴክት የፖል ዊሊያምስ ነው። ሊፈርስ ሲል ቆራርጠው አጓጉዘው መልሰው ገጣጠሙት። ቁማርተኛ ከተማ ናት እያልን የምናማት ላስ ቬጋስ ለሞቴል ኮሪደር ይሄን ካደረገች፣ እኛ ለውይይታችን ምን እናድርግ?

ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፤ ብትቀየሙም ተቀየሙ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ስንቶቻችሁ ናችሁ የድሮ ፎቶ ለጥፋችሁ ያለቀሳችሁት? እኔም ልቤ ቆስሏል። "ታሪካችንን አጥፍተው መስታወትና መብራት ተከሉበት" ያለ ሰው፣ በዓመቱ ውይይት ላይ መብራት ትከሉ ብሎ ኮመንት ሲጽፍ ምን ይባላል? አጥፊው ሲለይ ነው እንዴ ጥፋቱ ጥፋት የሚሆነው?

"ታዲያ ሁሉም ነገር የ1969 ይሁን ነው የምትለን? በድሮ ፍሬን ይሙት?" ያላችሁ አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስ አለኝ። የእኔ ደንብ እንዲህ ነው፦ ሕይወት የሚያተርፈው አዲስ ይሁን፣ የሚታየውና የሚዳሰሰው የዘመኑ ይሁን። የፍሬን ቱቦ፣ የፍሬን ሸራ፣ የነዳጅ ቱቦ፣ የመሪ ጫፎች፣ የጋቢና ቀበቶ ያለ ክርክር አዲስ። ጎማ አዲስ፣ ግን በዘመኑ ልክ፤ አሥራ አራት ኢንች የብረት ቸርኬ ላይ። አርባ ዓመት የቆየ ጎማ ላይ ሰው የሚጭን ዘመን ጠባቂ ሳይሆን ነፍሰ ገዳይ ነው። ከዚያ ውጪ ግን ፓራውልቱ፣ የፊት መብራቱ፣ የበሩ እጀታ፣ መሪው፣ የጋቢናው ወንበር፣ ራዲዮኑ፣ ሁሉም የዚያን ጊዜ ይሁን። ቴፕ ካስገባችሁም የካሴት ይሁንና ጥላሁን ገሠሠን በካሴት አሰሙን!

ስለ ሞተሯም ተከራክራችኋል። እዚህ አገር የገባችው የ1977 ቶዮታ 20አር የሚባለው 2.2 ሊትር የቤንዚን ሞተር ነው ያላት፤ የማይሞት ሞተር ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው የፋብሪካውን ካርቡሬተር አውጥቶ ዌበር መግጠም ነው። ይቀላል፣ አልክድም። ግን የፋብሪካው ካርቡሬተር ሊታጠብና መለዋወጫው ሊቀየርለት እየቻለ መጣል ምን ይሉታል? አባቶቻችን በአገር ቤት በቀጭን ሽቦና በቤንዚን ካርቡሬተር አጥበው መኪና ሲያስነሱ ኖረዋል። ሶማሌ ተራን የሚያውቅ ሰው "ዕቃ የለም" አይልም። እኛ መኪና ከማይጣልበት አገር የመጣን ሰዎች ነን! ጋቢና፣ ቸርኬ፣ ስፖንዳ፣ ላሜራ ስንል ከጣሊያን የወረስነውን ቃል ሳይቀር ሳንጥል ይዘነዋል። እዚህ ስንደርስ ነው እንዴ መጣል የተማርነው?

ኔቫዳ ደግሞ ለዚህ ሥራ የተባረከ አገር ነው። ዝናብ ስለሌለ ላሜራ በዝገት አያልቅም። በረሃ ውስጥ ሃያ ዓመት የቆመች መኪና ስፖንዳዋ ደህና ሆኖ ታገኟታላችሁ። ፀሐዩ የሚበላው ዳሽቦርዱን፣ የወንበር ልብሱንና የበሩን ጎማ ነው። ስለዚህ ልጁ ገንዘቡን እዚያ ላይ ያውል። ታርጋውንም በተመለከተ፣ ሃያ አምስት ዓመት ላለፋት መኪና ኔቫዳ የክላሲክ ታርጋ ይሰጣል። የክላሲክ ኢንሹራንስ ገብቶ በዓመት ከ5,000 ማይል በላይ ካልነዳት ከጭስ ምርመራ ነፃ ናት። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለምትወጣ ውይይት ይበቃል።

አንድ ብልጥ ደግሞ "እሷ እኮ የአሜሪካ ቶዮታ ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሠርታ አታውቅም፤ ከመጀመሪያው ውሸት ስለሆነች እንደፈለገ ያድርጋት" ብሏል። ግማሹ እውነት ነው፤ እንዲያውም እኔ ልጨምርልህ። አሜሪካ ከ1964 ጀምሮ ከውጭ በሚገባ የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ትጥላለች። አውሮፓ በአሜሪካ ዶሮ ላይ ለጣለችው ቀረጥ አጸፋ ስለነበር "የዶሮ ታክስ" ይሉታል። ቶዮታ ታዲያ በዚያን ጊዜ ፒክአፖቹን ያለ ስፖንዳ ጋቢናና ሻሲ ብቻ አድርጎ በትንሽ ቀረጥ ያስገባ ነበር፤ ስፖንዳውን ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች አሠርቶ ይገጥምላቸዋል። በ1980 ነው ቀዳዳው የተደፈነው። ስለዚህ የጓደኛችን ስፖንዳ የካሊፎርኒያ ልጅ ነው፣ ጃፓንን አያውቅም። በዶሮ ጠብ የተወለደ ስፖንዳ!

ግን ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ "እንግዲያው ይዋሽ" አይደለም፤ "እንግዲያው እውነቱ ይነገር" ነው። ውይይት ራሷ ከፋብሪካ ውይይት ሆና አልወጣችም፤ ፒክአፕ ላይ ተሠርታ ነው። ስለዚህ ስፖንዳው ይቆይ። ጣሪያውና አግዳሚው እንደዚያ ጊዜው በብረትና በእንጨት በእጅ ይሠራ። ሰማያዊና ነጭ ትቀባ። ከዚያ በሯ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ትለጠፍ፦ ይሄ ከፋብሪካ ነው፣ ይሄ ላስ ቬጋስ የተሠራ ነው፣ ይሄ አዲስ የተገዛ ነው። ለልጅ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

ሁለተኛው ወገን "ገንዘቡን ለአገር ቤት ይላክ" ባይ ነው። ወገኖቼ፣ ልጁ ለቤተሰቡ ስንት እንደሚልክ ታውቃላችሁ? አላወቃችሁም። ሰው ሁለት ፈረቃ ነድቶ ባተረፈው ብር አሮጌ ብረት ሲገዛ ኦዲተር የምትሆኑ፣ ለሠርግ ሊሞዚን ሲደረደር የት ነበራችሁ? በአንድ ሌሊት ማሽን ላይ ተቀምጦ የወር ኪራዩን የሚያስረክብ ወንድማችንን ስንቶቻችሁ መከራችሁት? ደግሞም በትክክል ማደስ ሁልጊዜ ውድ አይደለም። ያ ሃያ ኢንች ቸርኬና ስፒከር ከጃንክ ያርድ ከሚለቀም የብረት ቸርኬና የበር እጀታ ይበልጣል ዋጋው። "አድሶ አገር ቤት ይላካት" ላላችሁ ደግሞ፣ ያ በር ጠቧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ሸክም ጫነ፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መንግሥት ከለከለ። አገር ቤትም የዘመኑ ዕቃ በየቀኑ እየተፈጨ ነው። ስለዚህ እዚህ ያለነው ካላስቀመጥናት ማን ያስቀምጣታል?

ሦስተኛው ኮመንት ግን የአንድ ሰው ነው፤ እንቅልፍም የነሳኝ እሱ ነው። አንድ ጋሼ እንዲህ በሚል መንፈስ ጽፈዋል፦ "1969 ለእናንተ ሙዚቃ ነው። ለእኔ ወንድሜ ከቤት የተወሰደበት ዓመት ነው። የዚያን ዘመን ዕቃ ለምን ታመጡብናላችሁ?"

ጋሼ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነው የምመልስልዎ። ልክ ነዎት፤ ዓመቱ የቀይ ሽብር ዓመት ነው። በውይይት አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ከተቀመጡት ውስጥ ልጇን ፍለጋ ከእስር ቤት እስር ቤት የምትዞር እናት ነበረች። ስሟ ውይይት ሆኖ አፍ የማይከፈትባት ቀንም ነበረች። እኔ ዘመኑ ይመለስ አላልኩም፤ እግዜር አያድርገው። የምለው፣ ልክ እርስዎ እንዳሉት ስለሆነ ነው መብራትና አንበሳ የማይለጠፍባት። መስቀል አደባባይ ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው ያውቃል፤ የሰማዕታቱ ልብስና ፎቶ ነው ያለው፣ ማንም ላስውበው አላለም። ያጌጠች ውይይት የእርስዎን ወንድም ትረሳለች። ጠንካራው አግዳሚ፣ ዝቅ ያለው ጣሪያ፣ ንፋስ የሚያስገባው ሸራ ግን ልጅን "እንዴት ነበር የኖራችሁት?" ብሎ እንዲጠይቅ ያደርገዋል። ያን ጊዜ መልሱ የእርስዎ ነው። ፈቃድዎ ከሆነ መጀመሪያ የሚሳፈሩባት እርስዎ ይሁኑ። ካልፈለጉም እናከብራለን።

እንግዲህ የኔ አቋም ይሄው ነው። ልጁ ቀለሙን ገና አልቀባም፤ ጣሪያውንም አልጀመረም። ስለዚህ ከኮመንት ጦርነት የሚጠቅም ሥራ ልስጣችሁ። የእናት አባቶቻችሁን አልበም አውጡ። ከበስተኋላ ውይይት የቆመችበት ፎቶ ካለ ስልካችሁን አንሱና ላኩልን፤ ሰው ባይታይም ግድ የለም። መውጫ ደረጃዋ ስንት ነበር? ረዳቱ የት ይቆም ነበር? አግዳሚው ቆዳ ለብሶ ነበር ወይስ ባዶ እንጨት? ጣሪያው ሸራ ነበር ወይስ ላሜራ? የነዳችሁ አባቶች ካላችሁም ደውሉ፤ ሌሊትም ቢሆን እነሣለሁ፣ ያው ነቅቼ ነው የማድረው።

ቸርኬ መርጣችሁ የላካችሁልን ግን፣ ተመስገን፣ ለራሳችሁ መኪና አድርጉት።

ተራዬ ደረሰ። ቸር ያሰማን!