ይህ ክሳት ጤና አይደለም

«ኢንሱሊን ስብ እንዳይቀልጥ ስለሚያግድ፣ የስኳር ሕመምተኛ መጠኑን ቢቀንስ ይከሳል» የሚለውን ያተማችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። መነሻው እውነት ነው፤ ምክሩ ግን ገዳይ ነው። ኢንሱሊን ለስብ ሕዋሳት ልጓም ነው። በዓይነት 1 የስኳር ሕመም ልጓሙ ሲለቀቅ ስቡ ያለ ገደብ እየፈረሰ ወደ ደም ይጎርፋል፤ ጉበትም ወደ ኪቶን ይቀይረዋል፤ ደሙ አሲዳማ ይሆናል። ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ትንፋሽ፣ በረጅሙ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ከዚያም ራስን መሳት። ለዚህ ሁሉ አንድ ቀን ሊበቃ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን የተወጋው የ14 ዓመቱ የስኳር ሕመምተኛ ሌናርድ ቶምፕሰን 30 ኪሎ ገደማ ብቻ ነበር የሚመዝነው። ጸሐፊው የሚያሞግሱት ክሳት ይኸው ነው! የዓይነት 2 ታካሚ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይከልስ። መጠን ቀንሱ የሚለው ምክር ግን በግልጽ መታረም አለበት፤ በቀጣዩ እትም።